የዋሊያስ ባንድ ያልተዘመረላቸው አልበሞች

የዋሊያስ ባንድ ስም ሲነሳ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስታውሰው «ሙዚቃዊ ስልት»ን ነው። ያ አንድ ዜማ ባንዱን ለዓለም አስተዋውቋል፤ የቀሩትን ሥራዎች ግን ጋርዶባቸዋል። ከዚህ በታች የሚዳሰሱት ባንዱና የኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ ከ1975 እስከ 1985 ድረስ ያወጧቸው አራት አልበሞች ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።

አመሠራረት

ዋሊያስ በ1970ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ውስጥ ቬኑስ በሚባለው የምሽት ክበብ ይጫወቱ በነበሩ ሙዚቀኞች የተመሠረተ ነው። ስሙን የወሰደው ከስሜን ተራራው ዋሊያ ነው። የዘመኑ ተፎካካሪው አይቤክስ ባንድም በእንግሊዝኛ የተጠራው በዚሁ እንስሳ ስም መሆኑ ይገርማል፤ የከተማዋ ሁለት ታላላቅ ባንዶች አንድ ስም ተጋርተው ኖረዋል ማለት ነው።

ኃይሉ በ1946 ሸዋ ውስጥ ተወልዶ ልጅ ሳለ ወደ አዲስ አበባ መጣ። በ14 ዓመቱ በጦር ሠራዊቱ የሙዚቃ ክፍል ተቀጠረ። ቀድሞ የለመደው መሣሪያ አኮርዲዮን ነበር፤ ኦርጋን የመጣው በኋላ ነው። በዋሊያስ አብረውት የነበሩት ሞገስ ሀብቴ በሳክስፎን፣ ዮሐንስ ተኮላ በትራምፔት፣ ማህሙድ አማን በጊታር፣ መላከ ገብሬ በቤዝ፣ ተማረ ሐረጉ በድራም ናቸው። ከአዘፋፈኑ ይልቅ በአቀናባሪነቱ ይበልጥ ሊታወስ የሚገባው ፒያኒስቱ ግርማ በየነም ከእነርሱ ጋር ሠርቷል።

በዚያ ጊዜ የአንድ ባንድ መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ የሆቴሉ ወይም የክበቡ ባለቤት ንብረት ነበር። ሙዚቀኛው ከባለቤቱ ጋር ከተጣላ ጊታሩንም ማይክሮፎኑንም ትቶ ባዶ እጁን ይወጣል። ዋሊያሶች ግን መሣሪያቸውን በራሳቸው ገንዘብ ገዝተው ራሳቸውን ችለው ቆሙ። በ1974 አዲስ አበባ ሒልተን ሲገቡ እንደ ነፃ ባንድ ተዋውለው ነው፤ እዚያም ለዓመታት ቆዩ።

«ትዝታ» (1975)

ከአራቱ አልበሞች እጅግ የተዘነጋው ይህ ነው፤ የሚገባውንም ክብር አላገኘም። በካሴት ብቻ የወጣ ሥራ ነው። የተቀዳው እዚያው ሒልተን፣ ክበቡ ለእንግዳ በማይከፈትበት ሰዓት ነበር። አብዛኞቹ ቁርጥራጮች ሕዝቡ የሚያውቃቸው የቆዩ ዜማዎች ሲሆኑ ያለ ዘፋኝ በመሣሪያ ብቻ ተሠርተዋል።

አሠራሩን ለመረዳት የርዕሱን ዜማ ጠጋ ብሎ መስማት ይበቃል። ትዝታን የሚያውቅ ጆሮ ዘፋኙ የሚገባበትን ቦታ ይጠብቃል። በዚያች ቅጽበት የሚገባው ኦርጋኑ ነው። ኃይሉ ድምፁን ቀጥ አድርጎ አይለቀውም፤ ጫፉ ላይ ያንቀጠቅጠዋል፣ ዘፋኝ ትንፋሹን እንደሚሰበስብ ቆም ይላል፣ ከዚያ ቅላጼውን ይዞ ይወርዳል። ቤዙና ድራሙ ከሥሩ አሜሪካዊ የሶል ምት ይዘው አይቸኩሉም። ኃይሉ እንደ ጂሚ ስሚዝ ያሉ አሜሪካውያን ኦርጋኒስቶችን ሲያዳምጥ የኖረ ሰው ነው፤ ጣቶቹ የሚናገሩት ግን የእኛን ቅኝት ነው። «ነፋስ ነው ዘመዴ»ም በዚሁ መንገድ የተሠራ ነው።

የአልበሙ ዝግታና ለስላሳነት ከቦታው የመጣ ነው። የሒልተን ምሽት በእራት ሰዓት ይጀምራል፤ ዲፕሎማቶችና የከተማዋ ትልልቅ ሰዎች ሲመገቡ ባንዱ ረጋ ያለ ሙዚቃ ይጫወታል፣ ጭፈራው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። «ትዝታ» ያን የምሽት መጀመሪያ በካሴት ላይ ያስቀረ ሥራ ነው።

«ቼ በለው» (1977)

በሸክላ የወጣው ይህ አልበም ነው። ሙላቱ አስታጥቄ በቫይብራፎን ተሳትፎበታል። «ሙዚቃዊ ስልት» የሚገኘው እዚህ ላይ ሲሆን በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው የፈረንሳዩ «ኢትዮፒክስ» የኢትዮጵያ ሙዚቃ ተከታታይ አልበሞች ውስጥ ከተካተተ በኋላ በብዙ አገር ባንዶች ተደጋግሞ ተጫውቷል። ሆኖም «ሎሚ ተራ ተራ»ንና «እባክሽ ታረቂኝ»ን ሳይሰሙ አልበሙን አውቀዋለሁ ማለት አይቻልም። ዋናው ሸክላ ዛሬ ሰብሳቢዎች በውድ ዋጋ የሚፈላለጉት ዕቃ ሆኗል።

እዚህ ላይ ስለ «ወርቃማው ዘመን» አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። የአዲስ አበባ ሙዚቃ በ1974 ከንጉሡ መውረድ ጋር አበቃ የሚል አነጋገር ተለምዷል። ብዙ ሙዚቀኞች መሰደዳቸው፣ ሳንሱር መጥበቁ፣ ሸክላም ቦታውን ለካሴት መልቀቁ እውነት ነው። ይሁን እንጂ እነዚህ አራት አልበሞች በሙሉ የወጡት ከዚያ በኋላ ነው። ዘመኑ አበቃ የሚለው አባባል ቢያንስ ለዋሊያስ አይሠራም።

«ወደ ሐረር ጉዞ» (1978)

ይህን ኃይሉ የሠራው ከዋሊያስ ጋር ሳይሆን በግዮን ሆቴል ይጫወት ከነበረው ዳህላክ ባንድ ጋር ነው። የግዮን ታዳሚ ከሒልተኑ ይልቅ ወጣትና የአገር ልጅ የሚበዛበት ስለነበር ሙዚቃውም ሞቅ ይላል። ቀረጻው እዚያው ክበቡ ውስጥ በሦስት ቀን አለቀ። ባንዱ ከሰዓት በኋላ ይቀዳል፣ ሲመሽ ደግሞ የዘወትር ሥራውን ይቀጥላል።

ወቅቱ የሰዓት እላፊ ነበር። ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት መንገድ ላይ መገኘት ክልክል ነው። ስለዚህ ክበብ የገባ ሰው እዚያው ያድራል፤ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። የእነዚህ ሙዚቀኞች ጽናትና መግባባት የመጣው ከእነዚያ ረጃጅም ሌሊቶች ይመስለኛል።

ስደትና «ሸሞንሟናዬ» (1985)

በ1981 ዋሊያስ ወደ አሜሪካ ተጓዘ። በዚያ አገር የተዘዋወረ የመጀመሪያው ዘመናዊ የኢትዮጵያ ባንድ እንደሆነ ይነገራል። ጉዞው ሲያበቃ ገሚሱ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ኃይሉ፣ ግርማ፣ ሞገስና መላከ ግን እዚያው ቀሩ። ዙላ ባንድ የሚባለውን አቋቋሙ።

«ሸሞንሟናዬ» በዋሽንግተን የተሠራ የብቻ ሥራ ነው። ኃይሉ የልጅነት አኮርዲዮኑን አንስቶ ከሮድስ ፒያኖ፣ ከሙግ ሲንተሳይዘርና ከድራም ማሽን ጋር ሁሉንም ራሱ ተጫወተው። ማሽኑ የሚመታው ደረቅ ምት ላይ አኮርዲዮኑ ሲያንጎራጉር የሚሰማው ነገር ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ አልተደገመም።

ከዚያ በኋላ ለረጅም ዓመታት ታክሲ እየነዳ ኖረ። በዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ሲጠብቅ ከመኪናው ዕቃ መጫኛ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርዱን አውጥቶ የኋላ ወንበር ላይ ይለማመድ ነበር።

ዳግም መገኘት

አሜሪካዊው ብራያን ሺምኮቪትዝ «ሸሞንሟናዬ»ን ባሕር ዳር ከካሴት መሸጫ አግኝቶ ገዛው። ኃይሉን ፈልጎ ደወለለትና በ2013 እንደገና አሳተመው። «ቼ በለው» በ2014፣ «ወደ ሐረር ጉዞ» በ2016 ተከተሉ። «ትዝታ» ተራው የደረሰው በ2021፣ ከወጣ ከ46 ዓመት በኋላ ነው።

በመሐል፣ በ2018፣ ኃይሉ «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም ከሁለት ሙዚቀኞች፣ ከድራመሩ ቶኒ በክና ከቤዝ ተጫዋቹ ማይክ ማይኮቭስኪ ጋር አወጣ። መክፈቻው ትዝታ ነው። መዝጊያው «የፍቅር እንጉርጉሮ» ሲሆን እዚያ ላይ ድራምም ቤዝም የለም፤ ኃይሉ ብቻውን ፒያኖ ይጫወታል።