ሞባይልና የጉሊት ነጋዴ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

(ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

«የገበያ ዋጋ ያወቀ ነጋዴ አይበደልም።»

ይህን እምነት ያስፋፋችው የደቡብ ሕንዷ ኬራላ ናት። ከ1997 እስከ 2001 ሞባይል ወደ ባሕር ዳርቻዋ ሲገባ፣ ሰርዲን አጥማጆች ገና ባሕር ላይ ሳሉ እየደወሉ ገዢ ያለበትን ገበያ መምረጥ ጀመሩ። ኢኮኖሚስቱ ሮበርት ጄንሰን በ2007 ባሳተመው ጥናት የአጥማጆቹ ትርፍ በ8 በመቶ ገደማ ማደጉን፣ ሸማቹ የሚከፍለው ዋጋ ደግሞ በ4 በመቶ መውረዱን አሳይቷል። ገዢ አጥቶ ይጣል የነበረው ዓሣም ቀረ።

በዚህ ላይ ብዙ ሰው «ስልክ ስጡትና ራሱን ይችላል» የሚል መደምደሚያ ጨመረበት። ኋላ ወደ ኬራላ የሄዱ ሌሎች ተመራማሪዎች ግን ብዙዎቹ አጥማጆች ለጀልባና ለመረብ ካበደራቸው አሻሻጭ ውጪ እንደልባቸው መሸጥ እንደማይችሉ አዩ። የተሻለ ዋጋ ወዲያ ማዶ እንዳለ ቢሰሙም ዕዳው አስሯቸዋል። እኛም ዘንድ ሽንኩርት በዱቤ የምታነሳ የጉሊት ነጋዴ ሌላው አከፋፋይ በኪሎ ሁለት ብር እንደሚቀንስ ብትሰማ ዱቤ ሰጪዋን ወዲያው ጥላ አትሄድም። ዕቃው ሳይሸጥ ሲበላሽባት «ለሳምንት ይሁን» የሚላት ያው ዱቤ ሰጪዋ ነው። ይህን አለማወቅ ነው ማለት፣ ይቅርታ፣ ሒሳቧን አለመረዳት ነው።

«ስማርት ስልክ የሌለው ከዲጂታል ክፍያ ውጪ ነው።»

የኬንያው የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ኤም-ፔሳ በ2007 የተነሳው በባለ ቁልፍ ስልክ ነው። በ2021 የመጣው ቴሌብርም በ*127# ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ደግሞስ ጉሊት ላይ የተች ስልክ ባትሪ ቢያልቅ ሶኬቱ የት አለ?

«ከዘመድ ጋር ማውራት ካርድ ማባከን ነው።»

ለጉሊት ነጋዴዋ ዕቃ ከገጠር የሚጭንላት ወንድሟ፣ የእቁቡ ጸሐፊ ደግሞ አክስቷ ከሆኑ፣ የትኛው ጥሪ የቤት፣ የትኛው የንግድ ነው?

«በስልክ የሚገኝ ብድር ርካሽ ነው።»

ፈጣን ነው፤ ርካሽ መሆኑ ግን ያጠያይቃል። በ2012 ኬንያ ውስጥ የተጀመረው ኤም-ሽዋሪ ለ30 ቀን ብድር 7.5 በመቶ ያስከፍል ነበር። በወር ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል፤ በየወሩ እያደሱት ለዓመት ቢቆዩ ክፍያው ብቻ 90 በመቶ ይደርሳል። ለበዓል ዶሮ ገዝቶ በሳምንት ውስጥ ለሚያዞር ሊያዋጣው ይችላል። የልብስ ስፌት መኪና ለመግዛት ግን አልመክርም።

«መልእክቱ ከደረሰ ብሩ ገብቷል።»

የባንክ መልእክት አስመስሎ መላክ ለአጭበርባሪ ከባድ አይደለም፤ ገዢው ስልኩ ላይ የሚያሳየው ስክሪንሾትም ማስረጃ አይሆንም። ሰው ቢሰለፍም፣ ገዢው «ቸኩያለሁ እማማ» ቢልም፣ ቀሪ ሒሳብን በራስ ስልክ ሳያዩ ዕቃውን አለመስጠት ነው። ኔትወርክ ከሌለ ጥሬ ብር ይጠየቃል።