የመቀነስ ምልክቱ የማን ነው?

ተማሪዎችን በብዛት የሚያደናግረው፣ ቢከሩን (የቤተ ሙከራ ብርጭቆውን) የሚያሞቀው ኬሚካዊ አፀግብሮት የሙቀት ለውጡ ሲጻፍ የመቀነስ፣ የሚያቀዘቅዘው ደግሞ የመደመር ምልክት መያዙ ነው። ምልክቱ የሚሰጠው ከአካባቢው ሳይሆን ከአፀግብሮቱ አንጻር ነውና፣ 1 ሞል (የኬሚስቶች የመጠን መለኪያ) ሜቴን ጋዝ ሲቃጠል ወደ ውጭ የሚወጣው 890 ኪሎጁል ገደማ ሙቀት ለአፀግብሮቱ ወጪ ስለሆነ −890 ተብሎ ይጻፋል።

ውሃ አዘል ባሪየም ሃይድሮክሳይድ ከአሞኒየም ክሎራይድ ጋር ሲደባለቅ ግን፣ ሙቀቱ ከቢከሩና ከዙሪያው ስለሚሳብ፣ ቢከሩ የተቀመጠበት እርጥብ ጣውላ ላይ ያለው ውሃ በረዶ ሆኖ ሁለቱን ያጣብቃቸዋል።

እዚህ ላይ አጥብቄ የማሳስበው፣ አቶሞችን እርስ በርስ ስለሚያያይዘው ትስስር፣ «ትስስር ሲበጠስ ኃይል ይወጣል» የሚለው የተለመደ አባባል ስሕተት መሆኑን ነው፤ ትስስርን መበጠስ ምንጊዜም ኃይል ይወስዳል፣ ኃይል የሚለቀቀው አዲስ ትስስር ሲፈጠር ነው፣ ምልክቱንም የሚወስነው የሁለቱ ልዩነት ነው።