ሊኑክስ የተጫነበት ጌም ኮንሶል ቴሌቪዥን ይቀዳል? የሚባለውና እውነታው

ቤቱ ጥግ ላይ አቧራ የሚጠጣ ኮንሶል ያለው ሰው ይህ ሐሳብ ሳይመጣበት አይቀርም። ዕቃው ፕሮሰሰር አለው። ሃርድ ዲስክ አለው። ከቲቪው ጋርም ተገናኝቶ ተቀምጧል። ታዲያ ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ያለ ኦፕሬቲንግ ሲስተም) ተጭኖበት፣ ሥራ ላይ እያለሁ የሚያመልጠኝን ፕሮግራም ለምን አይቀዳልኝም?

ሐሳቡ የቆየ ነው። የመጀመሪያው ኤክስቦክስ ላይ ሊኑክስ መሥራት የጀመረው በ2002 ነው። ከ2006 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ፕሌይስቴሽን 3 ተከተለ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የተሳካላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ግን "ሠራልኝ" የሚለው ወሬ ሲዞር ሲዞር ዋናው ነገር መንገድ ላይ ይቀራል። ኮንሶሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳይ እንጂ የሚቀዳ አልነበረም። ደጋግመው የሚነሱትን እንያቸው።

"ሊኑክስ ከተጫነበት ይቀዳል"

አይቀዳም። ሊኑክስ ሶፍትዌር ነው። ከአንቴና ወይም ከዲሽ የሚመጣውን ሲግናል የሚይዘው ቲዩነር የሚባለው ዕቃ ነው፤ ኤክስቦክስም ሆነ ፕሌይስቴሽን 3 ውስጡ ቲዩነር የለውም። የፕሌይስቴሽን 3 የኤችዲኤምአይ ቀዳዳም ማውጫ ብቻ ነው። የሪሲቨሩን ገመድ እዚያ ብትሰኩት ምንም አይመጣም።

ይህንን አምራቾቹ ራሳቸው ያውቁታል። ሶኒ በ2003 መጨረሻ ፒኤስኤክስ የሚባል ማሽን ጃፓን ውስጥ ብቻ ሸጧል። የፕሌይስቴሽን 2 ጌም ያጫውታል፣ ቴሌቪዥንም ይቀዳል። ግን የሚቀዳው ውስጡ ቲዩነር ስለተገጠመለትና 160 ወይም 250 ጊጋባይት ዲስክ ስላለው ነው። በ2008 ደግሞ አውሮፓ ውስጥ ለፕሌይስቴሽን 3 ፕሌይቲቪ የምትባል ትንሽ ሣጥን ወጣች። በዩኤስቢ ትሰካለች፣ ሁለት ቲዩነር ይዛለች። ደስ የሚለው ነገር፣ ይህችው ሣጥን ተራ የሊኑክስ ኮምፒውተር ላይም ትሠራለች። ርካሽ ሆና ካገኛችኋት አትለፏት።

ማይክሮሶፍትም ኤክስቦክስ ዋን ላይ የኤችዲኤምአይ ማስገቢያ አድርጎ ነበር፤ የሪሲቨሩን ምስል አሳልፎ ያሳያል፣ አይቀዳም። ከአንቴና መቅጃ እጨምራለሁ ብሎ በ2015 አስታወቀ፤ በ2016 ነገሩን ተወው።

"መቅዳት ኃይለኛ ፕሮሰሰር ይፈልጋል"

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፕሌይስቴሽን 3ን የሚመርጡትም "ጉልበቱ ለመቅዳት ይሆናል" ብለው ነው።

ዲጂታል ስርጭት ገና ከጣቢያው ሲወጣ ተጨምቆ ነው። ቲዩነሩ የሚያቀብላችሁ የተዘጋጀ ፋይል ነው ማለት ይቻላል፤ የሚቀረው ዲስክ ላይ መጻፍ ብቻ ነው። አንድ ተራ ጥራት ያለው ቻናል በሴኮንድ 4 ሜጋቢት አካባቢ ቢሆን፣ ይህ ግማሽ ሜጋባይት ነው። ያረጀ ዲስክም ይህን ሳያልበው ይጽፈዋል። በሰዓት 2 ጊጋባይት ገደማ ይወስዳል። አሜሪካ ሆናችሁ በአንቴና የምታዩ ከሆነ አንዱ የስርጭት መስመር ሙሉው 19 ሜጋቢት አካባቢ ነው፤ ይህም በሰዓት ወደ 9 ጊጋባይት ይጠጋል። አሁንም ጥያቄው የዲስክ ቦታ እንጂ የፕሮሰሰር ጉልበት አይደለም።

ጉልበት የሚጠይቀው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንዱ ማሳየት ነው፤ የተጨመቀውን ምስል በየሴኮንዱ መፍታት አለበትና። ሁለተኛው የድሮው አናሎግ ስርጭት ነበር። እሱ ጥሬ ምስል ስለሚመጣ መጭመቁ የእናንተ ኮምፒውተር ሥራ ይሆናል። በዚያ ዘመን ሆፖግ (Hauppauge) የሚባለው ኩባንያ የሚሠራው ፒቪአር 250 ካርድ የተወደደውም ለዚህ ነው፤ መጭመቁን ካርዱ ራሱ ይሠራዋል፣ ኮምፒውተሩ ተቀብሎ ያስቀምጣል።

"ሁሉም ነገር ኮንሶሉ ውስጥ መሆን አለበት"

ወሬው ሲዞር የሚጠፋው ነገር ይኸው ነው። ሊኑክስ ላይ ቴሌቪዥን ለመቅዳት የታወቀው ፕሮግራም ሚዝቲቪ ነው፤ አይዛክ ሪቻርድስ በ2002 የጀመረው። ሚዝቲቪ ከመሠረቱ ለሁለት የተከፈለ ነው። ባክኤንዱ ቲዩነሩን ይይዛል፣ በሰዓቱ ይቀዳል፣ ፋይሎቹን ያስቀምጣል። ፍሮንትኤንዱ ቲቪው ጋ ተቀምጦ ዝርዝሩን ያሳያል፣ ያጫውታል። ሁለቱ የሚገናኙት በኔትወርክ ገመድ ነው።

ስለዚህ የተለመደው አሠራር እንዲህ ነበር። ፒቪአር 250 የተገጠመለትና ሰፊ ዲስክ ያለው ኮምፒውተር ጓዳ ወይም መኝታ ቤት ይቀመጣል፤ ቢጮህም ማንም አይሰማውም። ሳሎን ደግሞ ኤክስቦክሱ ቲቪው ሥር ሆኖ በሪሞት ይታዘዛል። ሥዕሉን ያየ እንግዳ "ኤክስቦክሱ ቀዳው" ይላል። የቀዳው ግን ጓዳ ያለው ነው።

ኤክስቦክሱ ለምን ባክኤንድ አይሆንም? ውስጡን እንየው። 733 ሜጋኸርዝ የኢንቴል ፕሮሰሰር፣ 64 ሜጋባይት ሚሞሪ፣ 8 ወይም 10 ጊጋባይት ዲስክ። ለ2001 ኮምፒውተር ነውር የለበትም። የቲቪ ካርድ የሚሰካበት ቦታ ግን የለውም። የቀረው ዩኤስቢ ነው። የጆይስቲኩ መሰኪያ ቅርጹን የቀየረ ዩኤስቢ ነው። ከተበላሸ ጆይስቲክ ገመዱን ብትቆርጡ ቀይ፣ ነጭ፣ አረንጓዴና ጥቁር ሽቦ ታገኛላችሁ፤ የተለመዱት አራቱ የዩኤስቢ ሽቦዎች ናቸው። አንድ ቢጫ ይተርፋል፤ እሱን ተዉት። አራቱን ከዩኤስቢ መሰኪያ ጋር በየቀለማቸው ብትበይዱ ኪቦርድ ይሠራል። ቲዩነር ግን ሌላ ነገር ነው። ዩኤስቢው የድሮው 1.1 ነው፤ በወረቀት 12 ሜጋቢት፣ በተግባር ከዚያ በታች። አብዛኞቹ የዩኤስቢ ቲዩነሮች 2.0 ይፈልጋሉ።

"ኤክስቦክስ ላይ ሊኑክስ ለመጫን መክፈትና ቺፕ መበየድ ግድ ነው"

ግድ አይደለም። የኮንሶሉን መቆለፊያ የሚያልፍ ቺፕ መበየድ አንዱ መንገድ ነበር። ሌላው ሜክአሶልት የመሰለ ጌም ውስጥ ያለ የደህንነት ቀዳዳ፣ ማለትም የፕሮግራም ስህተት ነው። የተዘጋጀ የሴቭ ፋይል ኮንሶሉ ላይ ይገለበጣል፤ ጌሙ ፋይሉን ሲከፍት መንገዱን ይለቃል። ዲስኩን በትልቅ መቀየር ካማራችሁ ግን መክፈታችሁ አይቀርም። ዲስኩ በፓስዎርድ የተቆለፈ ስለሆነም ዝም ብሎ ነቅሎ መሰካት አይሆንም።

"ፕሌይስቴሽን 3 በፈቃድ ሊኑክስ ይቀበላል፤ ያገኘነውን እንግዛ"

አንድ ጊዜ ይቀበል ነበር። ወፍራሞቹ ሞዴሎች ሜኑ ውስጥ "ሌላ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ጫን" የሚል ምርጫ ይዘው ወጡ። በ2009 የመጣው ቀጭኑ ሞዴል ምርጫውን ይዞ አልመጣም። ኤፕሪል 1 ቀን 2010 ደግሞ ሶኒ በ3.21 ማሻሻያው ከወፍራሞቹም ላይ አነሳው። ነገሩ አሜሪካ ውስጥ ፍርድ ቤት ደርሶ በካሳ አልቋል። ዛሬ ወፍራም ብትገዙም የሶፍትዌሩ ቁጥር 3.15 ወይም ከዚያ በታች ካልሆነ ምርጫው የለም። ሻጩ "ሁሉም አፕዴት ነው" ብሎ ሲያሞካሸው ለእናንተ መጥፎ ዜና ነው።

ምርጫው ቢገኝም ሁለት እንቅፋት አለ። ሲጫን ዲስኩን እንደ ልባችሁ አትከፍሉትም፤ ወይ ለሊኑክስ 10 ጊጋባይት ሰጥታችሁ ቀሪውን ለጌም፣ ወይ የተገላቢጦሽ። ለመቅዳት ከሆነ ሁለተኛውን ነው የምትመርጡት። ሌላው፣ ሶኒ የምስል ቺፑን ከሊኑክስ ዘግቶታል። ሚሞሪው 256 ሜጋባይት ነው። ባለከፍተኛ ጥራት ምስል መፍታት ሙሉ በሙሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል። በሌላ በኩል ዩኤስቢው 2.0 ነው፣ የኔትወርክ ፍጥነቱም ጥሩ ነው። እንግዲህ ፕሌይስቴሽን 3 ከኤክስቦክስ ይልቅ በእውነት መቅዳት የሚችል ነው፤ ያውም ብዙዎች ባልጠበቁት በኩል። መቅዳቱ ቀላል፣ ማሳየቱ ከባድ ሆኖበት ነው የሚቸገረው።

አንድ ነገር ልጨምር። ፕሮሰሰሩ የኢንቴል ዘር አይደለም። ሊኑክስ ውስጥ ድራይቨሩ (ዕቃውን የሚያሠራው ፕሮግራም) ያለው ቲዩነር መርጣችሁ ግዙ። አምራቹ ለተራ ኮምፒውተር ብቻ አዘጋጅቶ የሰጠው ዝግ ድራይቨር ፕሌይስቴሽን 3 ላይ አይነሳም።

"ኮዲ ካለ ሚዝቲቪ አያስፈልግም"

ኮዲ የቪዲዮ ማጫወቻ ፕሮግራም ነው። የተወለደው ኤክስቦክስ ላይ ነው፤ ስሙ እስከ 2014 ኤክስቦክስ ሚዲያ ሴንተር የሚል መነሻ ነበረው። ያን ጊዜም ኤክስቦክሱ ላይ በቀጥታ እንጂ በሊኑክስ ላይ አልነበረም የሚሠራው። ቀጥታ ቴሌቪዥን የማሳየት አቅም የተጨመረለት በ2013 በወጣው 12ኛው ዕትም ነው። እስከ አሁንም ለመቅዳት ከኋላው ሚዝቲቪ ወይም ቲቪኸድኤንድ የመሰለ ባክኤንድ ይፈልጋል።

"አንድ ቲዩነር አንድ ቻናል ብቻ ይቀዳል"

ለአናሎግ እውነት ነበር። ለዲጂታል አይደለም። ማስረጃው ቤታችሁ አለ። ሪሲቨራችሁ ላይ አንድ ፍሪኩዌንሲ አስገብታችሁ ፍለጋ ስታስጀምሩ፣ ከአንዱ ፍሪኩዌንሲ የቻናሎች ዝርዝር ተከታትሎ ይወርዳል። ሁሉም በአንድ ጥቅል ውስጥ የሚመጡ ናቸው። ቲዩነሩ ጥቅሉን በሙሉ ይይዛል፤ ሪሲቨሩ አንዱን መርጦ ያሳያችኋል እንጂ ሌሎቹም ደርሰውታል። ሚዝቲቪ በ2008 ከወጣው 0.21 ጀምሮ ከአንድ ጥቅል ውስጥ ብዙ ቻናል አንድ ላይ ይቀዳል። ሁለት ፍሪኩዌንሲ ላይ ያሉ ቻናሎችን በአንድ ጊዜ ከፈለጋችሁ ግን ሁለት ቲዩነር ያስፈልጋል።

ለዲሽ ተጠቃሚ አንድ ማሳሰቢያ። 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ካለው ሳተላይት ኢትዮሳትን የምታዩ ከሆነ የአንቴና ቲዩነር አይሆናችሁም፤ የሳተላይት ቲዩነር ነው የምትፈልጉት። ዲሹ ላይ ያለው ኤልኤንቢ ከገመዱ 13 ወይም 18 ቮልት ይጠብቃል፤ ዩኤስቢ የሚሰጠው 5 ቮልት ነው። ለዚህ ነው የሳተላይት ቲዩነር ብዙውን ጊዜ የራሱ አዳፕተር ይዞ የሚመጣው። በካርድ የሚከፈቱ ቻናሎችን ደግሞ ሊኑክስ ስለተጫነ ብቻ መክፈት አይቻልም።

"ሰዓቱን ራሱ ያውቀዋል"

የፕሮግራም ዝርዝር ካገኘ ያውቀዋል። አሜሪካ ውስጥ ሚዝቲቪ ዝርዝሩን በነፃ ያገኝ የነበረው እስከ 2007 ነው፤ ከዚያ በኋላ በክፍያ ሆነ። በሌላው ዓለም ብዙ ጣቢያ ዝርዝሩን ከስርጭቱ ጋር ይልካል። የማይልክ ጣቢያ ከሆነ ሰዓቱን በእጃችሁ ትሞላላችሁ። የምሽቱን 2 ሰዓት ዜና ለመቅዳት 20:00 ብላችሁ ጻፉ። 2:00 ካላችሁ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የሚታየውን ቀድቶ ይጠብቃችኋል።

"ኮንሶሉ ያለኝ ስለሆነ ወጪ የለውም"

መቅጃ ሁልጊዜ መብራት ላይ ነው። የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን 3 ጌም ሳይነካ ዝም ብሎ በርቶ ሲቀመጥ ብቻ 170 ዋት አካባቢ ይበላል። በቀን 4 ኪሎዋት ሰዓት፣ በወር ከ120 በላይ ማለት ነው። ራስፕቤሪ ፓይ የምትባለው ትንሽ ኮምፒውተር ከነዲስኩ 10 ዋት ቢወስድ በወር ወደ 7 ብቻ ነው። የሁለቱን ልዩነት በአንድ ኪሎዋት ሰዓት በምትከፍሉት ዋጋ አባዙት። ፋኑ ሌሊት የሚያሰማውን ድምፅ አልቆጠርኩም።

"እንግዲያው ፕሌይስቴሽን 4 ነው መፍትሔው"

በወረቀት ላይ ያጓጓል። 8 ጊጋባይት ሚሞሪ፣ ስምንት ኮር ያለው የተራ ኮምፒውተር ዓይነት ፕሮሰሰር፣ ዩኤስቢ 3.0። ሊኑክስም ተነስቶበታል። ግን የሶኒ ፈቃድ የለበትም፤ የሚሆነውም የቆየ ሶፍትዌር ላይ ባለ ቀዳዳ በኩል ነው። ቀዳዳው ደግሞ ማሽኑ በጠፋ ቁጥር ይዘጋል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ፕሌይስቴሽኑ ወደ ራሱ ሜኑ ነው የሚመለሰው፤ አንድ ሰው ጆይስቲክ ይዞ ሂደቱን እንደገና ካልጀመረ ሊኑክሱ አይነሳም፣ ቀረጻውም የለም። አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ግን ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው ማስተካከያ) ውስጥ ገብታችሁ መብራት ሲመለስ ራሱ እንዲበራ ታዙታላችሁ። እናንተ ቤት ባትኖሩም የፕሮግራሙን ቀሪ ክፍል ይቀዳል።