ግሪን ካርድና «የስድስት ወሩ» ነገር

ስለ ጉዞ አዲስ ዜና በወጣ ቁጥር አሜሪካ ያለው ሐበሻ ስልኩ አያርፍም። «በየስድስት ወሩ ብቅ ካልኩ ካርዴን ማን ይነካዋል?» የሚልም አይጠፋም።

ስድስት ወር ዋስትና አይደለም። ከ180 ቀን በላይ በተከታታይ ውጭ የቆየ ሰው ሲመለስ እንደ አዲስ ገቢ ሊመረመር ይችላል። ዋናው ጥያቄ ግን «ኑሮህ የት ነው?» የሚለው ነው። ልጆቻቸው ያመጧቸው፣ ግን አዲስ አበባ ካልሆነ እንቅልፍ የማይወስዳቸው እናቶች በየአምስት ወሩ ቢመላለሱም ይጠየቃሉ። የታክስ ወረቀትና የቤት ኪራይ ውል መያዝ አይከፋም።

አንድ ዓመት ካለፈ ካርዱ ብቻውን አያስገባም። ለዚህ «ሪኤንትሪ ፐርሚት» የሚባል ተመልሶ የመግቢያ ፈቃድ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓመት ያገለግላል። ማመልከቻው የሚገባው አሜሪካ እያሉ ነው። ቦሌ ከደረሱ በኋላ ትዝ ቢልዎ አበቃ።

ኤርፖርት ላይ «አይ-407» የሚባል ፎርም ከተሰጠዎት ደግሞ ቸኩለው አይፈርሙ። ፊርማው ካርዱን በፈቃዴ መልሻለሁ ማለት ነው። አልፈርምም ብሎ ጉዳዩ በኢሚግሬሽን ዳኛ እንዲታይ መጠየቅ መብት ነው።

ዜግነት የሚጠብቅ ሰው ሒሳቡ ለብቻ ነው፤ ፐርሚት ቢኖረውም ከስድስት ወር በላይ መቅረት ለዜግነት የሚቆጠርለትን የአምስት ዓመት ኑሮ ሊያቋርጥበት ይችላል።