የረጅም ርቀት ዋናተኞች ጉዞ በአሜሪካ፦ ከታዳጊ ክለብ እስከ ኮሌጅና ሙያ

በአሜሪካ የረጅም ርቀት ዋናተኛ የሚባለው በ800 እና በ1500 ሜትር ነፃ ቀዘፋ የሚወዳደር፣ ብዙ ጊዜም 400 ሜትርን የሚጨምር ስፖርተኛ ነው። መንገዱ ለአብዛኞቹ ተመሳሳይ ነው፤ መጀመሪያ የሰፈር ክለብ፣ ቀጥሎ ዓመቱን ሙሉ የሚያሠለጥን ክለብ፣ ከዚያ ኮሌጅ፣ ለጥቂቶች ደግሞ ብሔራዊ ቡድንና ሙያ። በቴሌቪዥን ጎልቶ የሚጠራው የኮሌጁ ስም ቢሆንም፣ በዚህ ርቀት ዋናተኛውን የሚያፈራው የታዳጊዎች ክለብ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ብዙ ልጆች የሚጀምሩት ትምህርት ቤት በሚዘጋባቸው የሰኔና የሐምሌ ወራት፣ በሰፈር ገንዳ 25 እና 50 ሜትር ወይም ያርድ (ከሜትር ትንሽ የሚያንስ መለኪያ) በመሽቀዳደም ነው። ወደ ቋሚ ክለብ ሲገቡ 10 ዓመትና ከዚያ በታች፣ ከ11 እስከ 12፣ ከ13 እስከ 14 እየተባሉ በዕድሜ ይመደባሉ። በዚህ ደረጃ የረጅም ርቀት ዋናተኛ ተብሎ የሚመዘገብ የለም። አሠልጣኙ ግን ያያል፤ 100 ሜትር በአጭር እረፍት 20 ወይም 30 ጊዜ ሲታዘዝ፣ ሌሎቹ እየተዳከሙ ሲሄዱ የመጨረሻውን እንደ መጀመሪያው የሚዋኝ ልጅ ይኖራል። ከዚያ በኋላ ያ ልጅ ዓይኑ ከግድግዳው ትልቅ ሰዓት አይነቀልም። ግድግዳ ነክቶ ሰዓቱን ያነባል፣ ትንፋሽ ይወስዳል፣ የተባለው ሰከንድ ሲደርስ ይነሳል። ልምምዱ ብዙ ጊዜ ገና ሳይነጋ፣ ከትምህርት በፊት ነው።

የክለቦች ወርቃማ ዘመን በካሊፎርኒያ የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ ዓመታት ነበሩ። በሳክራሜንቶ አካባቢ ያለው አርደን ሂልስ ክለብ በአሠልጣኝ ሸርም ቻቩር ሥር ማይክ በርተንንና ዴቢ ሜየርን አፍርቷል። በርተን በ1968 የሜክሲኮ ሲቲ ኦሊምፒክ የ400 እና የ1500 ሜትር ወርቅ ወሰደ፤ በ1972 ሙኒክም የ1500 ሜትሩን ድል ደገመው። ሜየር በ16 ዓመቷ በሜክሲኮ ሲቲ የ200፣ የ400 እና የ800 ሜትር ወርቆችን ጠቅልላ ወሰደች፤ ከሙኒክ በፊት ግን ዋናን አቆመች። በዚያን ጊዜ ለሴት ዋናተኛ የኮሌጅ ድጋፍ የለም ማለት ይቻላል። በትምህርት ተቋማት የፆታ መድልዎን የሚከለክለው ሕግ የወጣው በ1972 ሲሆን፣ የኮሌጆች ስፖርት ማኅበር (ኤንሲኤኤ) የሴቶች የዋና ሻምፒዮና የጀመረው በ1982 ነው። በደቡብ ካሊፎርኒያ ደግሞ የሚሽን ቪኤሆ ክለብ በማርክ ሹበርት ሥር በከባድ ልምምዱ ታወቀ፤ የዚያው ክለብ ልጅ ብራያን ጉዴል በ1976 ሞንትሪያል 1500 ሜትርን በ15 ደቂቃ ከ2.40 ሰከንድ በዓለም ክብረ ወሰን አሸነፈ። እንዲህ ከባድ ልምምድ ያስፈልጋል ወይ የሚለው ክርክር ዛሬም አሠልጣኞችን ይከፋፍላል። ያ ትውልድ ያመጣው ሜዳሊያ ግን አያከራክርም።

ኮሌጅ ሲገባ ርቀቱ ራሱ ይለወጣል። ውድድሩ በ25 ያርድ ገንዳ ስለሆነ ረጅሙ 1650 ያርድ፣ ማለትም 66 የገንዳ ርዝመት ነው። ቁጥሩ ለዋናተኛው እንዳይጠፋበት አንድ የቡድን ጓደኛ በገንዳው ጫፍ ተንበርክኮ የቁጥር ሰሌዳ ውኃ ውስጥ ያስገባለታል፤ የመጨረሻው ርዝመት ሲደርስ ሰሌዳው ብርቱካናማ ብቻ ይሆናል። የነጥብ አሰጣጡ ለረጅም ርቀት አይመችም። ቅብብል እጥፍ ነጥብ ስለሚያስገኝ አሠልጣኞች በብዙ ቅብብሎች የሚሰለፉ ፈጣን አጭር ርቀተኞችን ይመርጣሉ። በከፍተኛው ዲቪዚዮን ለአንድ ቡድን የተፈቀደው የነፃ ትምህርት ዕድልም ለረጅም ዓመታት ለወንዶች 9.9፣ ለሴቶች 14 ብቻ ስለነበር ለብዙዎች እየተሸራረፈ ይታደል ነበር።

የሳምንት ልምምድን በ20 ሰዓት የገደበው የ1991 የኤንሲኤኤ ደንብ ደግሞ በግልጽ የጎዳው ይህንኑ ርቀት ነው። በ1988 ሴኡል ሦስት ወርቅ ያገኘችው ጃኔት ኢቫንስ በዚህ ምክንያት ስታንፎርድን ትታ ከሹበርት ጋር ለመሠልጠን ወደ ቴክሳስ ሄደች፤ በ1992 ባርሴሎናም የ800 ሜትር ወርቋን አስጠበቀች። በ1989 ያስመዘገበችው 8 ደቂቃ ከ16.22 ሰከንድ እስከ 2008 የዓለም ክብረ ወሰን ሆኖ ቆይቷል።

የዚህ ጉዞ ምሉዕ ምሳሌ ኬቲ ሌዴኪ ናት። በ1997 ዋሽንግተን ዲሲ ተወልዳ በሜሪላንድ ቤተዝዳ አደገች። በ6 ዓመቷ ከወንድሟ ማይክል ጋር ፓሊሴድስ በተባለው የሰፈር ክለብ ጀመረች፤ እናቷም በኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ ዋናተኛ ነበሩ። በኔሽንስ ካፒታል ክለብ ያሠለጠናት ዩሪ ሱጊያማ ነው፤ በዚያው ዝግጅት በ15 ዓመቷ በ2012 ለንደን 800 ሜትርን በ8 ደቂቃ ከ14.63 ሰከንድ አሸነፈች፤ የኢቫንስን የአሜሪካ ክብረ ወሰንም ሰበረች። ከዚያ ብሩስ ጌሜል ተረከባት። በ2013 ባርሴሎና የዓለም ሻምፒዮና አራት ወርቅ፣ በ2015 ካዛን በግል ከ200 እስከ 1500 ሜትር ያሉትን አራቱንም የነፃ ቀዘፋ ርቀቶች፣ በ2016 ሪዮ ደግሞ አራት ወርቅና አንድ ብር ወሰደች። ይህ ሁሉ ለኮሌጅ አንድም ጊዜ ሳትዋኝ ነው።

ስታንፎርድ የገባችው ከሪዮ በኋላ ነው። በአሠልጣኝ ግሬግ ሚሃን ሥር ቡድኑ የ2017 እና የ2018 የኮሌጆች ሻምፒዮን ሆነ፤ እሷም በ2018 ወደ ሙያ ተሸጋገረች። በዚያን ጊዜ የስፖንሰር ገንዘብ የተቀበለ ስፖርተኛ ለኮሌጅ መወዳደር አይችልም ነበር፤ ተማሪዎች ከስማቸው ገቢ እንዲያገኙ የተፈቀደው በ2021 ነው። በዚያው ዓመት በቶኪዮ ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ 1500 ሜትር ሲዋኙ አሸናፊዋ እሷ ሆነች። ከዚያም ወደ ፍሎሪዳ፣ የ1988 የኦሊምፒክ ባለ ወርቅ ወደሆነው ሱሪናማዊ አንቶኒ ኔስቲ ዘንድ ተዛወረች። በ2024 ፓሪስ 800 ሜትርን ለአራተኛ ተከታታይ ጊዜ አሸንፋ የኦሊምፒክ ወርቆቿን 9 አደረሰች። በግንቦት 2025 ደግሞ የራሷን የሪዮ ክብረ ወሰን ከ9 ዓመት በኋላ ወደ 8 ደቂቃ ከ4.12 ሰከንድ አወረደችው።

በወንዶች የፍሎሪዳው ቦቢ ፊንክ በቶኪዮ 800 እና 1500 ሜትርን፣ በፓሪስ ደግሞ 1500ን በ14 ደቂቃ ከ30.67 ሰከንድ በዓለም ክብረ ወሰን አሸንፏል።

ለአብዛኞቹ ግን ጉዞው ከኮሌጅ ምርቃት አያልፍም፤ ከስፖንሰር ክፍያ የሚተዳደሩት ጥቂት ናቸው። ከ2008 ቤጂንግ ጀምሮ በኦሊምፒክ የተካተተው የ10 ኪሎ ሜትር ክፍት ውኃ ውድድር ለአንዳንዶቹ ሁለተኛ በር ከፍቷል። የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲዋ ሄሊ አንደርሰን በ2012 በዚሁ ርቀት ብር አግኝታለች። የኖርዝዌስተርኑ ጆርዳን ዊሊሞቭስኪ ደግሞ በ2015 በካዛን የዓለም ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ፣ በሪዮ በገንዳ 1500 ሜትር 4ኛ፣ በክፍት ውኃው 10 ኪሎ ሜትር 5ኛ ወጥቷል።