የዪሺንግ ሸክላ ሠሪ ቤት

ዪሺንግ በምሥራቅ ቻይና፣ በጂያንግሱ ክፍለ ሀገር፣ ከታይ ሐይቅ በስተምዕራብ ያለች ከተማ ናት። ስሟ የወጣው በአንድ ዕቃ ነው፤ በሻይ ማንቆርቆሪያ። ማንቆርቆሪያው ትንሽ ነው፤ ብዙ ጊዜ መዳፍ ላይ ያርፋል። የሚያብረቀርቅ ቅብ የለውም። የሚሠራው ዚሻ ከሚባል አፈር ነው፤ ትርጉሙ ሐምራዊ አሸዋ ማለት ነው። ስሙ ሐምራዊ ይበል እንጂ ቀዩም ቢጫውም አለ።

የሥራው እምብርት ዲንግሹ የምትባለው የዪሺንግ ክፍል ናት። ብዙዎቹ ባለሙያዎች ታች ይሠራሉ፣ ላይ ይኖራሉ። እንግዳ ሲመጣ ቀድሞ የሚቀርበው ሻይ ነው። ዋጋ መጠየቅ በኋላ ይደርሳል። ባለሙያውን «ሺፉ» ብሎ መጥራት ያስኬዳል። ትልቅ ማዕረግ ያለውን ግን «ዳሺ» ይሉታል፤ ታላቅ ባለሙያ እንደማለት ነው።

እንግዳ የሚገረመው የሸክላ ሠሪ መንኮራኩር ሲያጣ ነው። ጠረጴዛው ላይ በእጅ የምትዞር ትንሽ ሰሌዳ አለች፤ ጭቃውን የሚያወጣው ግን የእሷ መሽከርከር አይደለም። ዚሻ የሚሠራው በመምታት ነው። ባለሙያው ጭቃውን በእንጨት መዶሻ እየደበደበ ስስ ቂጣ ያደርገዋል። ከዚያ ረዘም ያለ ቁራጭ ያወጣና ጠቅልሎ ጫፍና ጫፉን ያጋጥማል። አሁን ያለው ክፍት ቱቦ ነው። የግራ እጁን ጣቶች ወደ ውስጥ ይሰዳል፤ በቀኝ እጁ ደግሞ በጠፍጣፋ እንጨት ከውጭ ቸብ ቸብ ያደርገዋል። ሰሌዳዋ ቀስ እያለች ትዞራለች። ቱቦው አፉን እየሰበሰበ፣ ሆዱን እየነፋ ይሄዳል። አንዱን ጫፍ በክብ ጭቃ ይደፍንና ገልብጦ ሌላውን ይቀጥላል። ከዲንግሹ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ እይ ብባል ይችን ደቂቃ እመርጣለሁ።

ጡቱና ጆሮው ለብቻ ተድቦልቡለው በቀጭን ጭቃ ይለጠፋሉ። ገላውን የሚያለሰልሰው ከቀንድ የተፋቀ ስስ መሣሪያ ነው። ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ እንደ ወረቀት ሲተጣጠፍ ይሠራበታል። የእንጨቱንና የቀርከሃውን መሣሪያ ብዙዎቹ ለእጃቸው እንዲመች ራሳቸው ይጠርቡታል። ለአንድ ክዳን ብቻ የተጠረበች ቁራጭ እንጨት እንኳ ትገኛለች።

አፈሩ ራሱ ሲወጣ ጭቃ ሳይሆን ድንጋይ ይመስላል። ደጅ ይሰጣል፣ ዝናብና ፀሐይ ይፈረካክሰዋል፣ ይፈጫል፣ ይነፋል፣ በውሃ ይቦካል፣ ከዚያም እንዲያድር ይተዋል። ስመ ጥሩ አፈር የሚወጣበት የሁዋንግሎንግ ተራራ ቁፋሮ እ.ኤ.አ. በ2005 ቆሟል። ስለዚህ «የዱሮ አፈር አለኝ» የሚል ሻጭ አይጠፋም። እውነቱን የሚናገርም አለ፣ የማይናገርም አለ። ማቅለሚያ የተቀላቀለበት አፈር መሸጡም ታውቋል።

የዚህ ሙያ ታሪክ ሲነሳ የሚቀድመው ስም ጎንግ ቹን ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የኖረ አገልጋይ ነበር ይባላል። ጌታው ለትምህርት ቤተ መቅደስ ሲቀመጥ፣ እሱ አንድ መነኩሴ ሸክላ ሲሠራ አይቶ ተማረ፤ የዛፍ እባጭ አስመስሎም ማንቆርቆሪያ ሠራ ይላል አፈ ታሪኩ። ቼን ማንሼንግ (1768–1822) ግን አፈ ታሪክ አይደለም። በአጎራባቿ በሊያንግ የወረዳ ሹም የነበረ፣ ማኅተም ቀራጭ ነው። እሱ ቅርጹን ሲነድፍ ያንግ ፔንግኒያን የተባለው ሸክላ ሠሪ ይሠራው ነበር። ገላው ላይ ግጥም ይቀረጽበትም ነበር፤ ግጥምና ማንቆርቆሪያ እንዲህ ተጋቡ።

በቅርቡ ዘመን የሚጠራው ጉ ጂንግዡ (1915–1996) ነው። በ1948 የሠራው፣ ሠዓሊው ዉ ሁፋን ቀርከሃ የሣለበት አንድ ማንቆርቆሪያ በ2010 ጨረታ ከ12 ሚሊዮን ዩዋን በላይ አወጣ። የዚሻ አሠራር ደግሞ በ2006 ቻይና ባወጣችው የመጀመሪያ ብሔራዊ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ገብቷል።

ገንዘብ ሲመጣ ጣጣም አብሮ ይመጣል። የታተመበት የሠሪ ማኅተም የአንድ ታዋቂ ሰው፣ ሥራው የሌላ እጅ የሆነ ዕቃ ገበያ ላይ አለ። በጄሶ ቅርጽ ማውጫ የተጀመረውንም ሙሉ በሙሉ በእጅ የተሠራ ነው ብለው ይሸጡታል። በጄሶ መሥራቱ ነውር የለውም፤ ዋጋው ግን ሌላ መሆን አለበት። ስለዚህ እንግዳው ከማኅተሙ በፊት ክዳኑን ይይ። ቢያዞሩት ሳይነቃነቅ መሽከርከር አለበት። ውሃ እየቀዱ የክዳኑን ቀዳዳ በጣት ሲደፍኑት ውሃው ቀጥ ካለ ልኩ ጥሩ ነው። ዕቃው በ1,100 እና በ1,200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ሲተኮስ ይኮማተራልና፣ ይህን ልክ ማግኘት ቀላል እንዳይመስላችሁ።

መተኮሱ ዛሬ በአብዛኛው በኤሌክትሪክና በጋዝ ነው። ሆኖም ከሚንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን የቆየው፣ ኮረብታ ላይ እንደ እባብ የተጋደመው የቺያንሹ እቶን አሁንም ይነድዳል።

የተገዛው ማንቆርቆሪያ እንደኛ ጀበና ይሟሻል። በሙቅ ውሃ ይታጠባል፣ ከሻይ ቅጠል ጋር ቀስ ብሎ ይፈላል። ሳሙና ግን አይነካውም። ሸክላው ቀዳዳዎች ስላሉት የሻዩን ሽታ ይመጥጣል። ለዚህ ነው ወዳጆቹ ለአንድ ዓይነት ሻይ አንድ ማንቆርቆሪያ የሚለዩት። የጃስሚን ሻይ ከለመደ ማንቆርቆሪያ ሌላ ሻይ ቢቀዱ፣ መጀመሪያ የሚሸተው ያው ጃስሚኑ ነው።