ተዘዋዋሪ ምርጫ ምንድን ነው? ለሁለት በተከፈለ አገር ፕሬዚዳንቱን ማን ይመርጠዋል?

ባለፈው ሳምንት ደሴ፣ እህቴ ቤት ቡና እየጠጣን ነበር። የእህቴ ልጅና ጓደኛው ወለሉ ላይ ትልቅ ወረቀት ዘርግተው ካርታ ይስላሉ። ሁለቱም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። ሰሞኑን አንድ ጨዋታ ይዟቸዋል። «ታሪክ በሌላ መንገድ ሄዶ ቢሆን ኖሮ» እያሉ አገር ይፈጥራሉ። የዚያን ቀን የፈጠሩት አገር ከጦርነት በኋላ ሰሜንና ደቡብ ተብሎ ለሁለት የተከፈለ ነው። ባንዲራ አለው፤ ገንዘብ አለው፤ ሕገ መንግሥት ሳይቀር ጽፈውለታል።

ሕገ መንግሥቱ ላይ ሲደርሱ ግን ተጣሉ። አንደኛው «ፕሬዚዳንቱን ሕዝቡ ይምረጠው» ይላል። ሌላኛው «ግማሹ ሕዝብ ድንበር ማዶ ነው፤ እንዴት ብሎ ይመርጣል? ጉባኤ ይምረጠው» ይላል። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞሩ። «ጋሼ፣ እስቲ አንቱ ፍረዱን!»

አቦል፣ ቶና፣ በረካ አልቆ ወሬው አላለቀም። ጥያቄያቸው ደስ ስላለኝ እዚህም ልጽፈው ወደድኩ። የውጭ አገሮቹን ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር፣ የእኛን በእኛው አስቀምጫለሁ።

መጀመሪያ ቃሉን እንያዝ። ተዘዋዋሪ ምርጫ ማለት ሕዝቡ መሪውን ራሱ ሳይሆን መሪውን የሚመርጡትን ሰዎች ሲመርጥ ነው። ድምፁ በሌላ ሰው እጅ አልፎ ነው የሚደርሰው።

ለወሎ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን። በእኛ ሰፈር ቅሬ አባሉ ተሰብስቦ ሰባት ሰው ይመርጣል። የቅሬውን ዳኛ ግን አባሉ አይመርጥም። ሰባቱ ቁጭ ብለው ከመካከላቸው አንዱን ዳኛ ያደርጉታል። በዚህ ቅር ያለው ሰው አይቼ አላውቅም። ሰባቱን እናውቃቸዋለና። እስላሙም ክርስቲያኑም እጁን አውጥቶ የመረጣቸው ናቸው። ካጠፉ ደግሞ በሚቀጥለው ስብሰባ እናወርዳቸዋለን።

የአገራችን ፕሬዚዳንትም የሚመረጠው በተዘዋዋሪ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 70 እንዲህ ይላል። እጩውን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያቀርባል። ከዚያ የተወካዮቹና የፌዴሬሽን ምክር ቤቶች በጋራ ይሰበሰባሉ። ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያገኘ ለ6 ዓመት ፕሬዚዳንት ይሆናል። ሣህለወርቅ ዘውዴ በጥቅምት 2011፣ ታዬ አጽቀ ሥላሴ በመስከረም 2017 በዚሁ መንገድ ተሰይመዋል። ዋናው የማስፈጸም ሥልጣን ያለው ጠቅላይ ሚኒስትሩና የሚኒስትሮች ምክር ቤት ዘንድ ስለሆነ፣ በመንገድ ላይ ሰው ብዙም አይከራከርበትም። አሜሪካም 538 ወኪል መራጮች አሏት፤ ፕሬዚዳንት ለመሆን የ270ዎቹን ድምፅ ማግኘት ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ልጆቹ ካርታ እንመለስ። አገር ሲከፈል ተዘዋዋሪ ምርጫ ለምን ይመጣል?

ጀርመንን ልውሰድ። ከ1919 ጀምሮ በነበረው ሕገ መንግሥት ጀርመኖች ፕሬዚዳንታቸውን በቀጥታ ይመርጡ ነበር። ሂንደንቡርግን በ1925 መረጡት፤ በ1932 ደገሙት። ፕሬዚዳንቱ በአንቀጽ 48 የአስቸኳይ ጊዜ ድንጋጌ ማውጣት ይችል ነበር፤ ከ1930 በኋላ አገሩ በዚያው ድንጋጌ መተዳደር ጀመረ። ጃንዋሪ 30 ቀን 1933 ሂትለርን ቻንስለር አድርጎ የሾመው ይኸው በሕዝብ ድምፅ የተመረጠ ሽማግሌ ነው።

በ1949 የምዕራብ ጀርመንን ሕገ መንግሥት የጻፉት ሰዎች ይህን ያዩ ናቸው። ስለዚህ ለፕሬዚዳንቱ ሥልጣኑንም፣ ቀጥተኛ ምርጫውንም ቀነሱበት። የሚመርጠው የፌዴራል ጉባኤ የሚባል አካል ሆነ። ግማሹ የፌዴራሉ ፓርላማ አባላት ናቸው። ግማሹን በቁጥር እኩል አድርገው የክልል ምክር ቤቶች ይልካሉ። ጉባኤው ሌላ ሥራ የለውም። ንግግር፣ ክርክር አይደረግበትም። በምስጢር ድምፅ ይሰጣል፤ ይበተናል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች ከግማሽ በላይ ድምፅ ያስፈልጋል፤ በሦስተኛው ብዙ ያገኘ ያሸንፋል። በ1969 ጉስታቭ ሃይነማን በሦስተኛው ዙር 512 ለ506 ያሸነፈው በዚህ ሕግ ነው።

የመከፈሉ ነገር የሚታየው ግን ቦታው ላይ ነው። ከ1954 እስከ 1969 ጉባኤው የሚሰበሰበው ምዕራብ በርሊን ነበር። ምዕራብ በርሊን በምሥራቅ ጀርመን መሬት ተከባ ያለች ከተማ ናት። የበርሊን ተወካዮች በፓርላማው ሙሉ ድምፅ አልነበራቸውም። በዚህ ጉባኤ ላይ ግን እንደማንኛውም አባል ይመርጡ ነበር። ይህን ነገር ሳስበው ልቤን ይነካዋል። ሕጉ አጥር ከቦት ለሚኖር ሰው በአምስት ዓመት አንድ ቀን «አንተም የዚህ አገር ሰው ነህ» ይለው ነበር። በቀጥታ ምርጫ ይህን ማድረግ በጣም ይከብድ ነበር።

ምሥራቁስ? ቴዎዶር ሆይስ በምዕራቡ የተመረጠው ሴፕቴምበር 12 ቀን 1949 ነው። አንድ ወር ሳይሞላ፣ ኦክቶበር 11 ቀን፣ ምሥራቁም ቪልሄልም ፒክን ፕሬዚዳንት አድርጎ መረጠ። እዚያም መራጩ ሕዝቡ ሳይሆን ሁለት ምክር ቤቶች ናቸው። በወረቀት ላይ ካየኸው መንትያ ነው። ልዩነቱ ምዕራቡ ፓርላማውን በኦገስት በብዙ ፓርቲ ምርጫ መርጦ ነበር፤ የምሥራቁ ምክር ቤት ግን ራሱን ጊዜያዊ ምክር ቤት ብሎ ያወጀ ነበር። ፒክን የተፎካከረው ሰውም አልነበረም።

«መራጩን ማን መረጠው?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ለልጆቹ የነገርኳቸው ይህንኑ ነው። ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን ያዙ አልኳቸው።

ኮሪያ ደግሞ ነገሩን ይበልጥ ታሳያለች። እኛም ኮሪያን እናውቃታለን፤ ቃኘው ሻለቃ ከ1943 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 1951) ጀምሮ እዚያ ተዋግቷል። የደቡቡን የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሲንግማን ሪን በጁላይ 1948 የመረጠው ፓርላማው ነው፤ ከ196 ድምፅ 180 አገኘ። በ1952፣ ጦርነቱ ገና ሳያበቃ፣ ሪ ፓርላማው ድጋሚ እንደማይመርጠው አወቀ። ያኔ ምን አደረገ? የጦር አስተዳደር አወጀ፤ የፓርላማ አባላትን አሰረ፤ ሕገ መንግሥቱን አስለወጠና ምርጫውን ቀጥተኛ አደረገው። ቀጥተኛ ምርጫ ሁልጊዜ የሕዝብ ወገን ይመስለናል። እዚህ ላይ ግን ከፓርላማ ማምለጫ ሆነ።

ሃያ ዓመት ቆይቶ የደቡቡ ፕሬዚዳንት ፓርክ ቹንግ ሂ ተቃራኒውን ሄደበት። በ1971 በቀጥታ ምርጫ ኪም ዴ ጁንግን ቢያሸንፍም ልዩነቱ ጠባብ ነበር፤ ወደ 53 ለ45 በመቶ። በሚቀጥለው ዓመት ኦክቶበር ላይ ፓርላማውን በተነ፤ አዲስ ሕገ መንግሥት አወጣ። ፕሬዚዳንቱን የሚመርጥ አዲስ ጉባኤም ቆመ። በስሙ ውስጥ «ውህደት» የሚል ቃል ነበረበት። አገራችን ተከፍላለች፤ በምርጫ ዘመቻ ስንናቆር ሰሜኑ ይበላናል፤ ስለዚህ ከፓርቲ በላይ የሆኑ ሰዎች ይምረጡ ነው ነገሩ። የጉባኤው ሊቀመንበር ራሱ ፓርክ ነው። ዲሴምበር 23 ቀን 1972 ከ2,359 አባላት 2,357ቱ መረጡት። ሁለቱ ድምፆች የተበላሹ ነበሩ። የተቃወመ የለም።

ከአምስት ቀን በኋላ፣ ዲሴምበር 28፣ የሰሜኑ ምክር ቤት ኪም ኢል ሱንግን ፕሬዚዳንት አደረገው። ሁለቱ ግማሾች አንዱ የሌላውን ፍራቻ እንደ ምክንያት ይዘው በአንድ ሳምንት ውስጥ አንድ ዓይነት ነገር አደረጉ።

ደቡብ ኮሪያውያን ይህን ምርጫ በስፖርት አዳራሽ ውስጥ ይካሄድ ስለነበር «የጂምናዚየም ምርጫ» ብለው ጠሩት። ፓርክ በ1979 ተገደለ። ቹን ዱ ህዋን በኦገስት 1980 በዚያው ጉባኤ ከ2,525 ድምፅ 2,524ቱን አግኝቶ ገባ። በ1987 ቹን «ተተኪዬም በዚሁ መንገድ ይመረጣል» ሲል ሕዝቡ በጁን አደባባይ ወጣ። ተማሪው ብቻ አይደለም፤ የቢሮ ሠራተኛውም ክራቫቱን እንዳሰረ ወጣ። በዚያ ዓመት ዲሴምበር ቀጥተኛ ምርጫ ተመለሰ።

እዚህ ላይ የእህቴ ልጅ «የእኛ የየጁ ራሶችስ?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። በዘመነ መሳፍንት ጎንደር ላይ የሚነግሠውን የሚያነግሡትም የሚያወርዱትም ራሶቹ ነበሩ። ረጅሙን ጊዜ የያዙት ደግሞ ከየጁ የወጡት ናቸው፤ እነ ታላቁ ራስ አሊ፣ እነ ራስ ጉግሣ። ግን እነሱ አንጋሽ እንጂ መራጭ አይደሉም። መራጭ ማለት ከሌላ ሰው አደራ የተቀበለ ነው። አንጋሹን የላከው ጉልበቱ ነው። የፓርክ ጉባኤ ስሙ መራጭ ነው እንጂ አንጋሽም ለመሆን አልበቃም፤ የሚነግሠው ሰው ራሱ ሊቀመንበሩ ነበርና።

ከዚያ የእነሱን ጨዋታ አብሬ ተጫወትኩ። ማርች 10 ቀን 1952 ስታሊን ለምዕራባውያኑ ደብዳቤ ጽፎ ነበር። ጀርመን ገለልተኛ ሆና ትዋሃድ የሚል። አልተቀበሉትም። ቢቀበሉት ኖሮስ? የአዲሲቱን ጀርመን ፕሬዚዳንት ማን ይመርጠው ነበር?

ወረቀቱ ጥግ ላይ ሂሳቡን ሠራን። በ1949 የምዕራቡ ጉባኤ 804 መቀመጫ ነበረው። ሆይስ ያሸነፈው በሁለተኛው ዙር በ416 ነው፤ ተፎካካሪው፣ የሶሻል ዴሞክራቶቹ መሪ ኩርት ሹማኸር፣ 312 አገኘ። ምዕራቡ ያኔ ወደ 50 ሚሊዮን፣ ምሥራቁ ወደ 18 ሚሊዮን ሕዝብ ነበረው። በዚያው ልክ ምሥራቁ ወደ 290 መራጭ ይልካል። ጠቅላላው ወደ 1,094 ይሆናል፤ ለማሸነፍ 548 ያስፈልጋል። ሆይስ በ416ቱ ብቻ አይበቃውም። ሹማኸርም ብቻውን አይደርስም። የምሥራቁ 290 ወደ የትኛውም ቢዞር ግን ያ ሰው ያሸንፋል።

290ዎቹ እንዴት ነው የተመረጡት? በኦክቶበር 1950 በምሥራቅ በተደረገው ምርጫ ለመራጩ የቀረበለት አንድ ዝርዝር ብቻ ነበር፤ ይፋው ውጤት ከ99 በመቶ በላይ ድጋፍ ይላል። ስለዚህ 290ዎቹ እንደ አንድ ሰው ነው የሚመርጡት። ምዕራቡ በነፃነት ስለመረጠ ድምፁ ይከፋፈላል። ምሥራቁ በነፃነት ስላልመረጠ ድምፁ አይከፋፈልም። ሹማኸር የኮሚኒስቶች መራራ ጠላት ስለነበረ እሱን አይመርጡትም ነበር። ግን ሁለቱም የምዕራብ ወገኖች የምሥራቆቹን ፊት የሚያይ ሦስተኛ እጩ ለመፈለግ ይገደዱ ነበር። ጉባኤው ውስጥ ሩብ የሚሆነው ከአንድ ቢሮ ከታዘዘ፣ የቀረው ሦስት አራተኛ ነፃ መሆኑ ብቻውን አያድንም። ልጆቹ ይህን ሲያዩ ዝም አሉ።

ጓደኛው ግን አልተሸነፈም። «እንግዲያው የሰሜኑን ወንበር ባዶ እናስቀምጠው፤ እስኪዋሃዱ ድረስ የደቡቡ ይምረጥ» አለ። የእህቴ ልጅ ደግሞ «ቢያንስ ከመከፈሉ በፊት የተመረጡት የሰሜን ሰዎች ይቀመጡበት» አለ።

ይህ ሁለተኛው ሐሳብ በታይዋን ተሞክሯል። በ1947 በመላው ቻይና የተመረጠ ብሔራዊ ጉባኤ ነበር፤ ፕሬዚዳንቱን የሚመርጠው እሱ ነው። በ1949 የቻይና መንግሥት በኮሚኒስቶቹ ተሸንፎ ወደ ደሴቲቱ ወደ ታይዋን ሲሸሽ ከጉባኤተኞቹ ብዙዎቹ አብረው ሄዱ። የወከሉት አውራጃ ማዶ ቀርቷል። እዚያ አዲስ ምርጫ ማድረግ አይቻልም ተብሎ በወንበራቸው ላይ ቆዩ። የሸሸውን መንግሥት መሪ ቺያንግ ካይ ሼክን እስከ 1972 ደጋግመው መረጡት። አረጁ፤ ሞቱ፤ የቀሩት መምረጣቸውን ቀጠሉ። ሕዝቡ «የአሥር ሺህ ዓመት ምክር ቤት» ይላቸው ጀመር። በማርች 1990 ተማሪዎች ታይፔ አደባባይ ላይ ተቀምጠው ጮኹ። በ1991 መጨረሻ የመጨረሻዎቹ አሮጌ ተወካዮች ወንበራቸውን ለቀቁ። በማርች 1996 የታይዋን ሰው ፕሬዚዳንቱን ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ መረጠ።

ጀርመን ውስጥ ደግሞ የመላው አገር ተወካዮች አንድ ላይ ተቀምጠው ለመጀመሪያ ጊዜ ፕሬዚዳንት የመረጡት ከውህደቱ በኋላ በ1994 ነው፤ በርሊን ውስጥ፣ በድሮው ራይሽስታግ ሕንፃ። ምርጫው ሦስተኛ ዙር ድረስ ሄዶ ሮማን ሄርዞግ አሸነፈ። በ2012 ያው ጉባኤ በ991 ድምፅ የመረጠው ዮአኺም ጋውክ የምሥራቅ ጀርመን ቄስ የነበረ፣ የሮስቶክ ልጅ ነው።

የእህቴ ልጅ ላጲሱን አነሳ። ሕገ መንግሥታቸው ላይ ስለ መራጮቹ የሥራ ዘመን የጻፈው «አገሪቱ እስክትዋሃድ ድረስ» ይል ነበር። አጠፋውና «በየአራት ዓመቱ» ብሎ ጻፈበት። ከዚያ ጓደኛው «የሰሜኖቹንስ ማን ይመርጣቸዋል?» አለው። እህቴ ከሰሉን አራግባ ሁለተኛ ጀበና ጣደች።